የጓዳዋ ጓድ

በሱቄ ከሻርፕ በቀር ሁሉ ይገኛል። ነጠላ አለ፣ ጋቢ አለ፣ የአልጋ ልብስ አለ፣ የሕፃን ካልሲ አለ፣ ላስቲክ በሜትር እቆርጣለሁ። ሻርፕ ግን የለም። ከማጂ ደጋ የሚወርድ ደንበኛ ዝናብ እየተንጠባጠበበት ይገባና፣ «ጋሽ ከማል፣ ብርድ ጨረሰን እኮ፤ ሻርፕ የማያመጡልን ምን ሆነው ነው?» ይለኛል። «አይሸጥም» እለዋለሁ። ውሸቴን ነው፤ እንደ ጉድ ይሸጣል። አጠገቤ ያለው ጎረምሳ በአንድ ክረምት የሻርፕ ትርፍ ሱቁን ቀለም አስቀብቷል። እኔ ግን አንድ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ፣ በሚዛን ከተማ ሙቀት፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ፣ ሻርፕ ጠምጥሞ ሲዞር አይቻለሁ። ያ ሻርፕ ምን እንደሸፈነ ስለማውቅ የሻርፕ ክር ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ለነጋዴ ከትርፉ የሚቀድም ነገር የለም ይላሉ። አለ። ንዴት ይቀድማል።

ሰሞኑን ደግሞ ይባስ ብሎ ሞንታርቦ የጫነች መኪና በሱቄ ፊት እየተንፏቀቀች አለፈች። ዘፈኑን ዝቅ አደረገችና፣ «የከተማችን አዳራሽ የተመሠረተበት በዓል እሁድ ከቀትር በኋላ በደማቅ ሁኔታ ይከበራል! የደቡብ ምዕራቡ ወርቃማ ድምፅ፣ አንጋፋው ተዋናይ አቶ ልሳኑ ካባ ይደረብላቸዋል!» አለች። እኔ ለአንዲት ሴትዮ ፖፕሊን እየቆረጥኩ ነበር። መቀሴ ጠመመ። ዕድሜዬን ሁሉ ጨርቅ ስቆርጥ መቀሴ ጠሞ አያውቅም። ሴትዮዋ ወደ መኪናዋ እያየች፣ «እኚህ ሰውዬ ግን እውነት ያን የመሰለ ድምፅ ነበራቸው?» አለችኝ።

«ነበራቸው» አልኳት፤ «የሰው።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። የተጣመመውን ፖፕሊን ለራሴ አስቀረሁና ሌላ ቆረጥኩላት። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ፣ ገዢ ሲመጣ «የለም» እያልኩ፣ ያንን ዘመን ሳኝከው ዋልኩ።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ሚዛን አንድ መንገድ ነበረቻት፤ እሷም ክረምት ላይ መንገድ መሆኗን ትረሳለች። ከጅማ የተነሳ ኤንትሬ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ሾፌሩ እኛው ዘንድ ይከርማል፤ አንዳንዱ ሚስት አግብቶ ይቀራል። ሻይ በዲናሮ፣ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲም በዲናሮ፤ ስሙኒ የያዘ ሰው በልቶ ጠጥቶ ለሊስትሮ ይተርፈው ነበር። ሊስትሮው ግን ምን ሥራ አለው? ከተማው ሁሉ የሚጫማው ኮንጎ ነው፤ ያቺ ፀሐይ ሲመታት እግር የምትቀቅል የፕላስቲክ ጫማ። ጎረምሳው ቦላሌውን ጭቃ እንዳይነካበት እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ይሄድና ገበያው ማዕዘን ላይ ሲደርስ ይፈታዋል፤ ሴቶቹ ያዩት ይመስል። ኅዳር ሲገባ የጀንፈል ቡና በየደጁ ይሰጣና ከተማው ሁሉ የፈላ ፍሬ ሽታ ይሸታል፤ ከቴፒ በኩል የሚመጣው ኮረሪማ ሲጨመርበት አፍንጫህ ራሱ ሀብታም የሆነ ይመስለዋል። ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው፣ ባጃጁ እንደ አንበጣ ይራወጣል፣ የቡናውን ዋጋ ልጆቹ በስልክ ያያሉ። ሽታው ግን የት እንደሄደ ማንም አይነግርህም። ምናልባት ኤክስፖርት ሆኖ ይሆናል።

ከሱቄ ማዶ ትልቁ የቡና መጋዘን ነበር። ሴቶች በርጩማ ላይ ተደርድረው ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ይለቅማሉ። ማርታ እዚያ ነበረች። የቤንች ልጅ ናት፤ ከከተማው ወጣ ካለ መንደር ነው የመጣችው። ስትዘምርበት ያደገችው ቤተ ክርስቲያን በሰንሰለት ተቆልፎ ስለነበር ድምፅዋ ማረፊያ አጥቶ መጋዘኑ ውስጥ ይንከራተታል። ቀጭን፣ አጠር ያለች፣ ዝምተኛ ሴት ናት፤ ስትናገር ግን ከዚያች አካል የሚወጣው ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ የበሬ ግሣት ነው። የዚያ ዓይነት ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት ብዙ አይቻለሁ፤ የማርታ ግን ወፍራም ብቻ አልነበረም። የፈለገችውን ሰው ትሆንበታለች። የመጋዘኑን ኃላፊ ሆና ከጆንያ ጀርባ «ለቅሙ እንጂ!» ስትል አርባ ሴት ባንዴ ትጎነበሳለች። አንድ ቀን እኔ እዚያ ቆሜ ወሬ ስሰልቅ፣ «ከማል! ሱቁን ለማን ጥለህ መጣህ?» የሚል የአባቴ ድምፅ መጣ። ያ የአጋሮ ሰው ጉሮሮው፣ ያ ሳሉ። ሮጥኩ። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት እንዳለፈው የታወሰኝ ሱቄ በር ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው። ጓደኛዋ ብርቄ፣ አጠገቧ የምትለቅመው ጯሂ ሴት፣ ሳቅ ገድሏት ከበርጩማዋ ወደቀች።

ጓድ ልሳኑ ያን ሰሞን ነው ከወደ መሀል አገር ካድሬ ሆኖ የመጣልን። ቁመናው ሌላ ነው። መለሎ፣ ጥርሱ ነጭ፣ አፍሮው እንደ ዋርካ የተንዠረገገ፣ ካኪ ልብሱ ላይ የካውያው መስመር ጭቃ እንኳ ቢነካው የማይጠፋ። ሴቶቹ ሲያልፍ የሚለቅሙትን ይረሱ ነበር። ችግሩ አፉን ሲከፍት ነው። አባቱ ልሳኑ ብለው ስም ያወጡለት ምን አይተው እንደሆነ አላውቅም፤ ድምፁ ዘይት የጠማው የበር ማጠፊያ ነበር። ሲናደድ ደግሞ ይብሳል፤ እናቱ የጠፋችበት የፍየል ግልገል ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው ምን ያምረዋል ቢሉ፣ ቲያትር። ያኔ ኪነት ቡድን ያልገባ ሰው ጥርጣሬ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው። ልሳኑ ራሱ ድርሰት ጻፈ፣ ራሱ አዘጋጀ፣ ዋናውንም ጀግና ራሱ ሊሆን ተነሳ።

መጋረጃ ያስፈልግ ነበርና ሱቄ መጥቶ አንድ ጥቅልል ቀይ ጨርቄን «ለአብዮቱ መዋጮ» ብሎ ወሰደ። «መቼ ይመለሳል?» ብለው እንዳልሰማ ጥቅልሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ስለዚህ ጨርቄን ተከትዬ ኪነት ገባሁ፤ መጋረጃ ሳቢ ሆንኩ። ሌላው ሰው ለዓላማ ነው የገባሁት ይላል፤ እኔ ጨርቄ እንዳይቀደድ ነው።

ማርታም መጥታ በቲያትሩ የእናቲቱን ቦታ ስጡኝ አለች። ልሳኑ ከላይ እስከ ታች አያትና፣ «አማርኛሽ ጫካ ጫካ ይሸታል፤ አንተን ከአንቺ አትለዪም። መልክሽም ለመድረክ አይደለም» አላት። እርግጥ በእኛ አገር አማርኛ አንተና አንቺ እንደ እህትና ወንድም ተደባልቀው ያድራሉ፤ እስከ ዛሬ ግን በዚህ የተጣላ ሰው አላየሁም። እሷ ወደ መጋዘኗ ተመለሰች። በማግስቱ ልምምድ ላይ ልሳኑ «ወገኖቼ! ቀንበሩን ሰብረን...» ብሎ ሲጀምር ግልገሉ መጣበትና ልጆች ሣቅ አፈነዱ። ተናዶ ወጣ። መጋዘኑ በር ላይ ሲደርስ ግን ከጆንያው ጀርባ ያንኑ ንግግር ሰማ፤ ያንኑ የመሀል አገር አማርኛውን፣ ያንኑ እየጎተተ የሚረግጠውን ቃል፣ ነገር ግን በነጎድጓድ ድምፅ። ማርታ እሱን ሆና ሴቶቹን ታስቃለች። እኔም ብርቄም ዛሬስ አለቀላት ብለን ደረቅን። ልሳኑ ግን አልተቆጣም። ቆሞ ሰማ። ጨርሳ ስታየው ፈገግ አለና፣ «ከነገ ጀምሮ ከመጋረጃው ጀርባ ትቆሚያለሽ» አላት።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። እሱ ከፊት አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ እሷ ከኋላ ታገሣለች። ብርቄ ይህን ስትሰማ፣ «ጓዶቹ ከፊት፣ አንቺ ከጓዳ! በቃ፣ የጓዳ ጓድ ሆነሻል» አለቻት። ስሙ ተለጠፈባት። እኛም መንገድ ላይ ስናገኛት «ጓድ ጓዳ» እንላታለን፤ ትስቃለች። ያኔ እሷም ደስ ብሏት ነበር፤ ይህን አልክድም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ድምፅዋን ሰምቶ ሲያጨበጭብ መጋረጃውን በጣቷ እየነካካች፣ «ለኔ ነው አይደል ከማል?» ትለኛለች። «ላንቺ ነው» እላታለሁ። ያጨበጨበው ሰው ባያውቅም።

ያን ዓመት ማርታ የታቀፈችው የጥቂት ወራት ልጅ ነበራት። ስሙ ታምሩ። አባቱ ዘምቶ ሰሜን ሄደና አልተመለሰም፤ ወሬ እንኳ የነገራት የለም፤ ብቻ አብረው የሄዱት ሲመለሱ ዓይኗን ማየት ይሸሹ ነበር። ልጁን የምትተውበት ሰው ስላልነበራት አዝላው ነው ከመጋረጃው ጀርባ የምትቆመው። ታምሩ እናቱ ስታገሣ ይተኛል። ዝም ስትል ነው የሚነቃው።

ከጅማ ትልልቅ እንግዶች የመጡ ቀን እንግዲህ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፣ ከሬዲዮ የመጣ ሰው ትልቅ ቴፕ መቅጃ ይዞ ከመድረኩ ሥር ተቀምጧል። ልሳኑ የእንጨት ጠመንጃ ይዞ መሀል ላይ ቆመ። የመጨረሻው ትልቁ ንግግር ነው፤ ጀግናው ብቻውን ምሽግ ውስጥ ቀርቶ የሚናገረው። ማርታ ጀመረች። እኔ የመጋረጃውን ገመድ ይዤ በጨርቁ ቀዳዳ አጮልቄ አያለሁ። መሀል ላይ እንደ ድርሰቱ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ነበረ፤ ዝም አለች። ታምሩ ነቃ። «እኝ» አለ። ሁለተኛ ካለቀሰ ጉዱ ይፈላል። ማርታ ግን ድምፅዋን ሳትለቅ፣ ያንኑ ጀግና እንደሆነች፣ ወገቧን እያወዛወዘች፣ «እሹሩሩ... እሹሩሩ ታምሩዬ... ዝም በል የኔ ጌታ... አለሁ፣ ጥዬህ አልሄድም...» አለች። ቤቷ በቤንችኖን፣ በአገሯ ቋንቋ ነው የምታባብለው፤ እዚያ ግን ጀግናው እንዳይሞትባት በጀግናው አማርኛ አባበለችው። ይህን ያስተማራት ሰው የለም።

ልሳኑ ምን ይሥራ? ድርሰቱ ውስጥ እሹሩሩ የለም። አፉን አንድ ሁለት ጊዜ ባዶውን ከፈተና፣ የእንጨት ጠመንጃውን አየ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ታቅፎት ማወዛወዝ ጀመረ። በአላህ እምላለሁ፣ ጠመንጃውን እሹሩሩ አለው! እኔ መጋረጃውን ነክሼ ሳቄን ዋጥኩ። አዳራሹ ግን አልሳቀም። ፀጥ አለ። የእንግዶቹ አለቃ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ሲጠርግ በቀዳዳው አየሁ።

ሲያልቅ አለቃው መድረክ ላይ ወጥቶ የልሳኑን እጅ ይዞ፣ «ጓድ፣ ይህ ታምሩ ማን ነው?» አለው።

ልሳኑ በሹክሹክታ፣ ግልገሉ እንዳይሰማ፣ «በእቅፌ የተሰዋ ጓዴ ነው» አለ።

ይህ ሰውዬ ግንባር ማየት ቀርቶ ጥይት ሲጮህ አልሰማም። አለቃው ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ «ለሰማዕቱ ታምሩ የኅሊና ጸሎት!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ተነሳ። እኔም ተነሳሁ። ማርታም ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሰማዕቱን አዝላ፣ ራሷን አጎነበሰች። ሰማዕቱ የነጠላዋን ጫፍ እየጠባ ያየኛል። ያን ጊዜ አስቆኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ እውነት ዘምቶ ለቀረው ለልጁ አባት አንድ ሰው ከወንበሩ አልተነሳለትም።

ከሳምንት በኋላ በሬዲዮ ተላለፈ። የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ በወረፋ የሚገኝበት ጊዜ ስለሆነ ገበያተኛው ሁሉ ሻይ ቤቱ በር ላይ ተከምሮ ነው የሰማው። «ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ጓድ ልሳኑ» ሲል የሰፈሩ ሰው ማርታን አየ። ማርታ መሬት አየች። ብርቄ አላስቻላትምና፣ «ይሄማ የማርታ ድምፅ ነው! ታምሩም ይኸው፣ ሙዝ እየመጠጠ!» ብላ ጮኸች። ወሬው ከሻይ ቤቱ ልሳኑ ቢሮ ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ ሻይ አያቀዘቅዝም።

በማግስቱ ማርታ ሱቄ ውስጥ ለልጁ ፍራሽ ጨርቅ ስትመርጥ ልሳኑ ገባ። እኔን እንደ መደርደሪያ ቆጠረኝ።

«ድምፁ የኔ ነው እያልሽ ታስወሪያለሽ አሉ።»

«እኔ አላልኩም። ሰው ጆሮ አለው።»

«ስሚ ማርታ። ድምፁ ያንቺ ከሆነ ታምሩ ያንቺ ልጅ ነው። ታምሩ ያንቺ ልጅ ከሆነ ሰማዕት አይደለም። ሰማዕት ካልሆነ እነዚያ ትልልቅ ሰዎች ቆመው የጸለዩት ለማን ነው? አብዮቱን ያሾፈበት ማን ሊባል ነው? እኔ ነኝ ወይስ ከጀርባ ቆማ ያለ ድርሰቱ የተናገረችው?»

ማርታ ልጁን ከጀርባዋ ወደ ፊት አዞረችው።

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ዝም በይ። የልጁንም ስም ቀይሪው። የሰማዕት ስም ይዞ ገበያ ለገበያ አይዞርም።»

ወጣ። እኔ ምን አልኩ? «ጨርቄስ?» አልኩት ከኋላው። ያን ጊዜ ከዚያ የበለጠ የሚናገር ሰው ውሎ ማደሩን እንጃ። ማርታ ሲወጣ እያየችው በልሳኑ በራሱ ድምፅ፣ በዚያች ግልገል ድምፅ፣ «ዝም በይ» አለችና እየሳቀች አለቀሰች። ልጁ ቀበሌ ሲመዘገብ ምትኩ ተባለ። ታምሩ የሚለውን ስም በር ዘግታ በጆሮው ካልሆነ አልጠራችውም። «አንድ ቀን ከማል» ትለኝ ነበር፤ «አንድ ቀን ብቻ፣ እዚያ መድረክ ላይ ሰው ፊት ታምሩ ብዬ ብጠራው፣ እሱም አቤት ቢለኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ልሳኑ በዚያ ቴፕ የተነሳ አዲስ አበባ ተጠራ፤ በሬዲዮ ቀጥታ ሊያስነብቡት። ምን እንደሚሆን ለማየት የከተማው ሰው እስትንፋሱን ይዞ ጠበቀ። ሄደ፤ በወሩ አንገቱ ላይ የሱፍ ሻርፕ ጠምጥሞ ተመለሰ። ጉሮሮውን ታሟል! ለትግሉ ጮሆ ጮሆ ድምፁ ተበላሸ! ለዚህ መሥዋዕትነቱም የባህል ኃላፊነት ተሰጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሻርፕ አልወለቀም። ያ የግልገል ድምፅ ከናቱ ሆድ ይዞት የወጣው ሳይሆን ለሕዝብ የከፈለው ዋጋ ሆነ። ከንግድ አንጻር ካየሁት አደንቀዋለሁ፤ የተበላሸ ዕቃ በእጥፍ ዋጋ ሲሸጥ ያየሁት የዚያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማርታ ደግሞ ሥራዋ በዛ። የትምህርት ሬዲዮ ሰዎች በጂፕ እየመጡ ይቀዷታል፤ ጅብ እሷ፣ ዳኛ እሷ፣ ሞኟ ፍየል እሷ፣ የወባ ትንኝ እሷ። ትንኟን ስትሆን ክፍል ውስጥ ያሉ ልጆች የራሳቸውን ጆሮ ይመቱ ነበር። ሲኒማ የጫነች የጤና መኪና ራቅ ወዳሉት ወደ ጌጫና ወደ ቱም ስትዞር ማርታ ከሸራው ጎን ቆማ ለፈረንጁ ሐኪምም፣ ለበሽተኛውም፣ ለሕፃኑም ድምፅ ትሰጣለች፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በቤንችኖን። አንድ የጌጫ ሽማግሌ ፊልሙ ሲያልቅ «ያ ነጭ ሐኪም የማን ልጅ ነው? አነጋገሩ የአገራችን ሰው ነው» ብሎ ጠይቋል። በሬዲዮው ግን በእያንዳንዱ ፕሮግራም መጨረሻ የሚባለው ያው ነበር፤ «ያቀረበው በጓድ ልሳኑ የሚመራው ቡድን ነው።»

ከዚያ ልጆች ለውትድርና የሚለቀሙበት ጊዜ መጣ። ልሳኑ ሞንታርቦውን መኪና ላይ አስጭኖ፣ የልጆቹን ስም እየጠራሽ በየሰፈሩ ዙሪ አላት። ማርታ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማ መጣች። ያንኑ የሱን ቀጭን ድምፅ እያሰማች፣ «ጉሮሮዬን አሞኛል ጓድ» አለችው። እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ፤ ቀና ያለ ሰው ይስቃላ። ልሳኑ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ከኪነቱ ተባረረች፣ ከመጋዘኑም ተባረረች። የልጆቹን ስም ሌላ ሰው ጠራ። ሰው ግን ቤቱ ሲነጋገር፣ «ማርታ ብትጠራን እንወጣ ነበር» እያለ ሳቀ፤ ብዙ ልጅም ጫካ ገባ።

ደርግ ወድቆ ዘመኑ ሲቀየር እኔ ራሴ ገፋፍቻት ባህል ቢሮ ሄድን። በሩን ስንከፍት ባንዲራው ተቀይሯል፣ ፎቶው ተቀይሯል፣ ሻርፑ ከሱፍ ወደ ሐር ተቀይሯል። ሰውዬው ያው ነው። «የሬዲዮው ድምፅ የኔ ነው፤ የልጄንም ስም መልሱልኝ» አለችው። «ማስረጃ አለሽ?» አላት። «ድምፄ ነው ማስረጃዬ።» ወንበሩ ላይ ተደግፎ፣ «ድምፅ ማህተም አይመታበትም፣ እህቴ» አለ። ያቺን «እህቴ» እስከ ዛሬ በጥርሴ ይዣታለሁ።

ማርታ ከዚያ በኋላ የዕድር ለፋፊ ሆነች። በሚዛን የሞተን ሁሉ በስሙ የጠራችው እሷ ናት። መናኸሪያ የቴፒ መኪና ትጠራለች፣ ሱቆች የሽያጭ ማስታወቂያ ያስቀዷታል፤ የኔንም ሱቅ ማስታወቂያ በአባቴ ድምፅ ሠራችልኝ፤ ሳልሮጥ ሰማሁት። ከሦስት ክረምት በፊት ሞተች። ዕድሩ ለእሷ የሚለፍፍ ሰው ቸግሮት ቀኑ ረፈደ።

እሁድ እንግዲህ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ ግን ምትኩ መጣ። ዛሬ የሚዛን ቴፒ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሆዱ የተነፋ፣ ሽበት የጀመረው፣ እንደ እናቱ ዝምተኛ። «ጋሼ፣ ቴፑን ሊያሰሙት ነው አሉ። ድምፅዋ እኔ ዘንድ የለም እኮ። ቁጭ ብዬ ልሰማት ነው» አለኝ። ምን ብዬ እቀራለሁ? ብርቄን በመንገድ ላይ አነሳናት፤ ጉልበቷ ደክሟል፣ አፏ ግን እንዳለ ነው። ከኋላ ተቀመጥን።

ልሳኑ መድረኩ ላይ ቆሟል። ሽበቱ አምሮበታል፤ ቁመናስ ዛሬም ቁመና ነው። ካባው ተደረበለት፣ በላዩ ላይ ሻርፑ። «ድምፄን... ለዚህ ሕዝብ... ሰጥቻለሁ» ሲል ወጣቶቹ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እኔ ከንፈሬን ነከስኩ። የዝግጅቱ መሪ፣ በዚያ ዘመን ያልተወለደ ልጅ፣ «አሁን ታሪካዊውን ድምፅ ከሬዲዮ ቤት አግኝተን እናሰማችኋለን» አለ። ሞንታርቦው ተንኮሻኮሸ። ከዚያም መጣች።

ያ ነጎድጓድ። ያ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ። ልሳኑ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አሁንም፣ በዚህ ዕድሜው፣ ከንፈሩን ከድምፁ ጋር ያንቀሳቅሳል። ድምፁ ትንፋሽ ሊወስድ ዝም አለ። በዚያች ዝምታ ውስጥ ጆሮ ያለው ሰው ይሰማዋል፤ አንዲት ትንሽ «እኝ» አለች። አጠገቤ ያለው ምትኩ የወንበሩን እጀታ ጨበጠ።

«እሹሩሩ... እሹሩሩ ታምሩዬ...»

«አቤት፣ እማዬ» አለ።

ጮክ ብሎ አይደለም የተናገረው። ግን የእናቱ ልጅ ነው፤ ድምፁ ከዚያ ከተነፋው ሆዱ ሲወጣ እስከ መድረኩ ደረሰ። ሰው ሁሉ ዞረ። ያው ድምፅ ነበር። ሞንታርቦው ውስጥ ያለውና ከኋላ ወንበር የወጣው ድምፅ አንድ ነበር። አሮጊቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ልጁ መሪ ግን ምንም አልገባውምና ወረቀቱን አየት አድርጎ፣ «አሁን ለሰማዕቱ ታምሩ የኅሊና ጸሎት እንድናደርግ ከመቀመጫችን እንነሳ» አለ።

የፊተኞቹ መነሳት ጀመሩ። ያን ጊዜ ብርቄ ምርኩዟን በመሬት መታች።

«ተቀመጡ!» አለች። «ሰማዕቱ አጠገቤ ነው፤ አውቶቡስ ይነዳል! የማርታ ልጅ ነው! ድምፁም የማርታ ነው! በሕይወት ላለ ሰው የኅሊና ጸሎት የለም፣ ተቀመጡ!»

ከፊት አንድ ሰው ተቀመጠ። ከዚያ አንድ ረድፍ። ከዚያ ወንበሩ ሁሉ እየተንኳኳ አዳራሹ ተቀመጠ። ቴፑ ግን እንደቀጠለ ነው፤ «ዝም በል የኔ ጌታ... አለሁ፣ ጥዬህ አልሄድም...» ትላለች። ታምሩ እንባው እየወረደ ራሱን ይነቀንቅላታል። የድምፅ ባለሙያው ደንግጦ ማሽኑን ዘጋው።

ልሳኑ ብቻ ቆሞ ቀረ። ካባውና ሻርፑ ከብደውት አንገቱን አስግጎ አፉን ከፈተ፤ ዘጋ፤ እንደገና ከፈተ። ወደ ኋላው፣ ወደ መጋረጃው ዞሮ አየ። ከመጋረጃው ጀርባ ማንም አልነበረም።